ቤዙ ሲመታ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥሪዎች አብዛኞቹ ትልቅ ቴፕ አስገጥመው ባትሪያቸው እየደከመ ስለተቸገሩ ሰዎች ነው። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን ችግር በየቀኑ አየዋለሁ። በአየር ላይ ጊዜ አጥሮኝ ያልጨረስኳቸውን መልሶች እዚህ አሟልቻለሁ።

ከገርጂ የደወለ ወጣት፦ «ኮሮላዬ ላይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈርና ካርቶኑ 3000 ዋት የሚል አምፕሊፋየር አስገጠምኩ። ማታ ማታ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ አብሮ ይደበዝዛል። አንዱ ባለሙያ ካፓሲተር ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ሁለተኛ ባትሪ ጨምር ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ። የቤትህን ውሃ አስብ። ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ቧንቧው ነው፣ ባትሪው ሮቶው ነው፣ ካፓሲተሩ ደግሞ ቧንቧው ሥር ያስቀመጥከው ጣሳ ነው። ሮቶ ብትጨምር ውሃ በማይመጣበት ቀን ትንሽ ያቆይሃል። ቧንቧው ራሱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሁለቱም ሮቶ ባዶውን ያድራል። ሞተር ከተነሳ በኋላ መኪናው ላይ የሚሠራው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚበላው ከዲናሞው ነው።

ጣሳው ምን ያህል እንደሚይዝ በቁጥር ላሳይህ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14.4 ቮልት ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚሰጥህ 32 ጁል ገደማ ነው። 1000 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር ይህንን በ0.03 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። አንድ የቤዝ ምት እንኳ ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ለካፓሲተር የምታወጣው ብር መብራትህን አያድንልህም።

አሁን ወደ 3000 ዋቱ እንምጣ። በስልክ ላይ እያለህ አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ያሉትን ፊውዞች አንብብልኝ ብዬህ «ሁለት ባለ 30» ብለኸኛል። በድምሩ 60 አምፔር ማለት ነው። በ13.8 ቮልት ብታባዛው 828 ዋት ይሆናል። ያንተ ክላስ ዲ የሚባለው የአምፕሊፋየር ዓይነት ከሆነ ከሚስበው ወደ ድምፅ የሚቀይረው 80 ከመቶ ያህሉን ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በእጅህ ያለው የ660 ዋት ገደማ አምፕሊፋየር ነው፣ ካርቶኑ ምንም ቢል። በዚህ አትዘን፣ ለኮሮላ ከበቂ በላይ ነው። ዕቃ ስትገዛም ካርቶኑን ትተህ ፊውዙን አንብብ።

ሙዚቃ ደግሞ ሳያቋርጥ ሙሉ ኃይል አይጠይቅም። በአማካይ የምትወስደው ከ60 አምፔሩ ሲሶውን ወይም ቤዙ ከከበደ ግማሹን ነው፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 አምፔር። ዲናሞህ ላይ የተለጠፈው 80 አምፔር ይላል እንበል። ያ ቁጥር ግን ዲናሞው በፍጥነት ሲሽከረከር የሚሰጠው ነው። የትራፊክ መብራት ይዞህ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ቀስ ብሎ ሲሠራ፣ በዚያ ላይ ዲናሞው ሲግል፣ ግማሹን ቢሰጥህ ነው። ከዚያ 40 አምፔር ላይ የፊት መብራቱ ብቻ 8 አምፔር ይወስዳል፤ የራዲያተር ቬንትሌተር፣ የነዳጅ ፓምፕና ኢግኒሽን ሲጨመሩ መኪናው ራሱ ወደ 30 ይጠጋል። ለሙዚቃ የሚተርፈው 10 ነው። ጉድለቱን ባትሪው ይሞላል፣ ቮልቱ ከ14 ወደ 12 ተኩል ይወርዳል፣ አንተም መብራቱ ሲደበዝዝ ታያለህ። መንገድ ላይ ስትነዳ ግን 50 ይተርፍሃል፣ ችግር የለም።

እንግዲህ ብር ከማውጣትህ በፊት ቮልት የሚለካ ቴስተር ያዝ። ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ባትሪው ላይ ለካ፤ 12.6 አካባቢ መሆን አለበት፣ 12.2 ካሳየህ ግማሹ ባዶ ነው። ሞተር አስነስተህ ሁሉን አጥፍተህ ስትለካ ከ13.8 እስከ 14.4 ማየት አለብህ። ከዚያ ሙዚቃውን ከፍተህ አንድ ሰው ባትሪው ላይ፣ አንተ አምፕሊፋየሩ ላይ በአንድ ጊዜ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባትሪው ላይ 13.8 ሆኖ አምፕሊፋየሩ ላይ 12.4 ከሆነ ዲናሞህ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ሽቦው ወይም ማሳው (ኔጌቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰርበት) ነው።

ሽቦ ከሆነ መጀመሪያ ሦስት ገመድ አወፍር፤ ከዲናሞው ፖዘቲቭ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው። የፋብሪካውን ሽቦ አትንቀለው፣ አዲሱን ጎን ለጎን ጨምርበት፤ የፖዘቲቩን ገመድ ባትሪው አጠገብ በፊውዝ አስጠብቀው። ማሳ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ አጽዳው። ይህ ከዲናሞ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ዲናሞውን ማሳደግ ግድ ከሆነ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ስትመርጥ «በሚኒሞ ስንት ይሰጣል?» ብለህ ጠይቅ፣ አስገጥመውም ይለኩልህ። የዲናሞውን የውስጥ ሽቦ በአዲስ አስጠቅልለው የሚለው ምክርም ይደርስሃል። በወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር የተጠቀለለ ዲናሞ በፍጥነት ላይ ብዙ አምፔር ይሰጣል፣ በሚኒሞ ግን ከበፊቱ ይብስበታል። ያንተ ችግር ደግሞ ሚኒሞው ላይ ነው።

ከአዳማ የደወሉ እመቤት፦ «መኪናዬ ላይ ቴፕ ካስገጠምኩ ወዲህ ከእግር ምንጣፉ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ሠራተኛው አዲስ ሽቦ ስለሆነ ነው አለኝ።»

እህቴ፣ አዲስ ሽቦ እንደተቃጠለ ፕላስቲክ አይሸትም። የቴፑን ገመድ ዛሬውኑ ከባትሪው ላይ ያስነቅሉት፣ እስኪታይ ድረስም ቴፑን አይክፈቱት።

አንድ ጊዜ እንዲሁ የሚሸት ሚኒባስ መጥቶልኝ ምንጣፉን ገለጥኩት። ቀዩ ገመድ በወንበሩ እግርና በወለሉ መካከል ተጨፍልቆ፣ ልባሱ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ጫፉን በቢላ ስፍቀው መዳቡ ተልጦ ሥሩ ነጭ ወጣ። ለካ ገመዱ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ያንን ገመድ እስካሁን ሱቄ ውስጥ ለሚመጣ ሁሉ አሳየዋለሁ።

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 ከመቶ ያህል ነው። የ21 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ገመድ በ5 ሜትር ርቀት 90 አምፔር ሲያሳልፍ 0.4 ቮልት ገደማ ያጠፋል። ያው ውፍረት ያለው አሉሚኒየም 0.6 ያጠፋል። የ8 ካሬው ቀጭን ገመድማ መዳብም ቢሆን ወደ 1 ቮልት ያጠፋል፣ የጠፋው ሁሉ ምንጣፍዎ ሥር ሙቀት ነው። የላስቲኩ ውፍረት አያታልልዎ፣ ጫፉን ፍቀው ይዩ።

ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ መሆን አለበት። የሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ መጠኑም የሚመረጠው በገመዱ አቅም ነው። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ጠምዝዞ የሚያስገባ ሠራተኛ ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ።

ከደሴ የደወሉ የአይሱዙ ሾፌር፦ «መኪናው 24 ቮልት ነው። ለቴፑ ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት አውጥተውልኝ ነበር። በዓመት ሁለት ባትሪ ቀየርኩ።»

አባቴ፣ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለታሰሩ ዲናሞው ለሁለቱም እኩል ነው የሚያበላው። እርስዎ ግን ከአንደኛው ብቻ እየወሰዱ ነው። ያኛው ሁልጊዜ እንደጎደለ ይኖራል፣ ሌላው ከጠገበ በኋላም ስለሚሞላ አሲዱ ፈልቶ ውሃው ያልቃል። ሁለቱም በየራሳቸው በሽታ ይሞታሉ። ከሁለቱም ባትሪ የሚወስድ፣ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ያስገቡ። ባለ 30 አምፔር ከሆነ 300 ዋት ገደማ አምፕሊፋየር ይሸከማል፣ ለጋቢና በቂ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «ካምሪዬ ላይ እውነተኛ 2500 ዋት ላስገባ ነው። ትልቅ ዲናሞ ወይስ ሊቲየም ባትሪ?»

ያንተ ዲናሞ ይፈልጋል። በሙሉ ኃይል 226 አምፔር፣ በሙዚቃ አማካይ ደግሞ ከ75 እስከ 113 አምፔር ትስባለህ፣ የመኪናው የራሱ ፍጆታ ሳይቆጠር። የሻጩን የሚያምሩ ቁጥሮች ትተህ፣ ዲናሞው ግሎ በሚኒሞ የተለካበትን ወረቀት ጠይቀው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋም አትርሳ፤ 250 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ከሞተሩ ላይ 8 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይወስዳል፣ የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፣ የእናንተን ክረምት ታውቀዋለህ። ኮፈን ሥር ያለው ሙቀትም አይስማማውም። በዚያ ላይ ባዶ ሲሆን ከዲናሞው ብዙ ስለሚስብ ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለተኛ ባትሪ ከፈለግክ ኤጂኤም የሚባለው የታሸገ ዓይነት ይሁን፣ ተራው የአሲድ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሰው ከሚቀመጥበት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሁን። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ በአዳዲስ መኪኖች የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ትንሽ ሴንሰር ሊኖር ይችላል። ካለ የአምፕሊፋየሩን ማሳ ባትሪው ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ እሰር፣ አለበለዚያ መኪናው የምትስበውን አያይም፣ ቻርጁንም አያስተካክልም።

ከአያት የደወለች፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ዲናሞ የለውም፤ ምን ላድርግ?»

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። በዲናሞው ቦታ ከትልቁ ባትሪ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ። መኪናው ሲቆምም እኩል ስለሚሰጥ የሚኒሞ ጣጣ የለብሽም። ከአቅሙ በላይ ከተጎተተ ግን ራሱን ይቆርጣል። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ደግሞ ትልቁ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም። ስለዚህ እስከ 500 ዋት ባለው ተወሰኚ። ማንም ሠራተኛ ብርቱካናማ ገመድ እንዳይነካ፣ ያ የሚገድል ቮልት ነው።

ላንጋኖ ለመዝናናት የሚሄዱ ጓደኛሞች፦ «ሞተር አጥፍተን ስንት ሰዓት እንሰማለን?»

ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ በአማካይ 30 አምፔር የሚስብ ሙዚቃ፤ በወረቀት 2 ሰዓት ይመስላል። ነገር ግን 60 የሚለው ቁጥር በ20 ሰዓት ቀስ እያለ ሲወጣ የተለካ ነው፣ በ30 አምፔር ሲሳብ ያንሳል። ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖም ማትረፍ አለባችሁ። 40 ደቂቃ ቆጥራችሁ ሙዚቃውን ዝጉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ለኩ። 12.2 ከደረሰ ሞተሩን አስነሱ፣ በሚኒሞ ሳይሆን እየነዳችሁም ሙሉት።