ቀለሙ የተራገፈው ጊታር፦ ሮሪ ጋላገር ማን ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ከጅማ የምናሰናዳው ዝግጅታችን ዛሬ የሚያወሳው እ.ኤ.አ. በ1948 በአየርላንድ ባሊሻነን ተወልዶ በኮርክ ከተማ ስላደገው የብሉዝ ሮክ ጊታር ተጫዋች፣ ስለ ሮሪ ጋላገር ነው። ሮሪ በ1963፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ የ1961 ስሪት የሆነውን ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለ ኤሌክትሪክ ጊታር በ100 ፓውንድ በዱቤ ገዛ፤ ዕድሜ ልኩንም ዋነኛ መሣሪያው አደረገው።

ይህን ጊታር ለመረዳት የጅማን በርጩማ ማሰብ ይበቃል። በርጩማችን ከአንድ ወጥ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግሩ ይቆማል፤ አዲስ ሳለ ይሻክራል፤ አያት ሲቀመጡበት፣ ልጅ ሲቀመጥበት፣ እንግዳ ሲቀመጥበት ግን መቀመጫው እየለሰለሰና እየወዛ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ በርጩማው ወዝ ሲጨምር የሮሪ ጊታር ቀለም መቀነሱ ነው።

«ሆን ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት ነው» የምትሉን ተመልካቾች ስለበዛችሁ እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ሆነ። አልፋቀውም። ደግሜ ልበል፤ አልፋቀውም! ቀለሙን የበላው በየመድረኩ ይወርድ የነበረው ላቡ ነው፤ የጊታሩ አንገት እንኳ ላብ ከመጠጣቱ የተነሣ ወልቆ እንዲደርቅ ከተተወ በኋላ ተመልሶ ተገጥሟል። በደብሊን ተሰርቆ ቦይ ውስጥ ተጥሎ መገኘቱም አልጠቀመውም። አስመስሎ የሚያስረጀው ፋብሪካው ነው፤ አምራቹ ፌንደር የዚህን ጊታር ቅጂ ከነጉዳቱ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧልና። ይህ በእኔ አስተያየት በአዲስ በርጩማ ላይ የአያትን ወዝ በብሩሽ መቀባት ነው። (ሰብስክራይብ ማድረግን ግን ማንም አስመስሎ አይሥራብን።)

ስለ ድምፁ በአጭሩ፦ ጊታሩን ቀጭን ድምፆችን በሚያጎላው ትሬብል ቡስተር አሳልፎ ወደ ቮክስ ኤሲ30 አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ያስገባ ነበር።

በ1966 የመሠረተው ቴስት የተሰኘው ባንድ በ1970 በአይል ኦፍ ዋይት ፌስቲቫል ላይ ከተጫወተ በኋላ በዚያው ዓመት ተበተነ፤ ሮሪም በራሱ ስም መሥራት ጀመረ። ነጠላ ዜማ ማውጣትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ሌሎች ሙዚቀኞች የሰሜን አየርላንድን ግጭት ፈርተው በሸሿት በቤልፋስት ግን በ1974 ተጫውቷል፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። የጉበት ንቅለ ተከላ ከተደረገለት በኋላ በደረሰበት ኢንፌክሽን በ1995 በለንደን ሲያርፍ 47 ዓመቱ ነበር። ያ የዱቤ ጊታር በ2024 በለንደን ጨረታ ከ800,000 ፓውንድ በላይ አውጥቷል፤ የገዛውም ወገን ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ለመስጠት ነው።