ጓደኛው ነው ያበላሸው አትበሉኝ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ለቅሶውም እድሩም እያለባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ልጆቻችንና ስለ ስልክ እንድናገር ነው የተጠራሁት። ሸፋፍኜ አልናገርም። የማወራው ስለ ወሲብ ቪዲዮ ነው።

ብዙዎቻችን ቱሉ ዲምቱ የመጣነው ከመሀል ከተማ ነው። ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ። እዚያ ልጅ ሲያጠፋ የጎረቤት እናት ትቆጣው ነበር። እዚህ የኮንዶሚኒየሙ በር ዝግ ነው። እናትና አባት የታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ሳይነጋ ወጥተው ማታ ይገባሉ። ልጁ ከስልክ ጋር ይውላል።

ልጁ የተያዘበት ወላጅ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው። «ጓደኛው ነው ያበላሸው።»

ሌላ ትምህርት ቤት ስሠራ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ለጓደኞቹ ቪዲዮ ሲያሳይ ተይዞ አባቱ ተጠሩ። ሰውየው ገና ከመግባታቸው ቀበቶ መፍታት ጀመሩ። «እዚህ ልጅ አይመታም» ብዬ አስቀመጥኳቸው። «የሠፈር ዱርዬ ነው ያስተማረው» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። አባትየውን ውጭ እንዲጠብቁ ለምኜ ልጁን ጠየቅኩት። ብዙ ቆይቶ ተናገረ። ያየው አጎቱ ስልክ ላይ ነው። አጎትየው አብሯቸው ይኖራል። ልጁ ጌም ሊጫወት ተውሶት ጋለሪውን ከፈተ። አጎቱ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ የሚለቀው ሁሉ ራሱ እየወረደ እዚያ ተከማችቷል። ልጁ ደነገጠ። ለማን ይንገር? ለአባቱ ቢናገር ቀበቶ አለ። እናቱን ያፍራል። ስለዚህ ለጓደኞቹ ነገረ። ቆይቶም ላከላቸው።

እስቲ አሁን ማን ነው ማንን ያበላሸው? እነዚያ ልጆች ቤት «መጥፎ ጓደኛ» የተባለው ይኸው ልጅ ነው!

ልጁ ፈቅዶልኝ ለአባትየው ነገርኳቸው። መልሳቸው ምን ነበር? «እሱማ ትልቅ ሰው ነው፣ የፈለገውን ያያል።» ትልቅ ሰው! ልጁ በቀበቶ ይገረፋል፣ ትልቁ ሰው ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ይህ ቅጣት አይደለም። ልጁ ሁለተኛ ለቤተሰቡ እንዳይናገር አፉን መዝጋት ነው።

የጓደኛ ጫና የለም አላልኩም። «እስካሁን አላየህም? ፋራ!» ይሉታል፣ ሙድ ይይዙበታል። ስልክ የሌለውም ልጅ ደረጃ ላይ በጓደኛው ስልክ ያያል። ግን ቤቱ ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ «አልፈልግም» ለማለት አቅም ይኖረዋል። ዝምታችን የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የአሜሪካ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 73 በመቶው ማየታቸውን ይናገራል። ከሚያምኑት ትልቅ ሰው ጋር ስለ ጉዳዩ ያወሩት ግን ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

ሕግም አለ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የሚያሳይ የወሲብ ምስል መያዝም ማሰራጨትም ያሳስራል። ሴት ልጆቻችሁ ፎቶ ላኪ ሲባሉ ይህን ይወቁ።

ስልካችሁን አሁኑኑ አውጡ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ግቡና በራሱ ማውረዱንም ጋለሪ ውስጥ ማስቀመጡንም አጥፉ። ያልገባው ሰው መምህራኑን ይጠይቅ። የአጎትንም፣ የታላቅ ወንድምንም ስልክ እንዲሁ።

አዳራሹን ሳየው ከሞላ ጎደል እናቶች ናችሁ። አባቶች የት አሉ? የሚቀጥለው ቅዳሜ በ3 ሰዓት እዚሁ እንገናኛለን፣ ጥሪው ለአባቶች ነው። መመዝገቢያው በሩ ጋ አለ። የባላችሁን ስም ዛሬ ጽፋችሁልኝ ሂዱ፤ ስልክ ደውዬ የምጠራቸው እኔ ነኝ።