ሐውልቱ የቆመበት መሬት
(ለከተማ ፕላንና ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አዲስ አበባ ሐውልቶችና መናፈሻዎች እንድናገር ስትጋብዙኝ ሁለት ንግግር የጠየቃችሁኝ መስሏችሁ ይሆናል። ለእኔ ጉዳዩ አንድ ነው። ሐውልት ስናስብ ነሐሱንና ድንጋዩን እናስባለን፤ ሰው ቀርቦ የሚቆምበትን መሬት ግን እንረሳለን። የከተማችንን ታሪክ ባየሁ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ በዚያ መሬት ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከምኒልክ አደባባይ ልጀምር። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ያሰቡት የፈረስ ሐውልት የተመረቀው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ሐውልቱን አውርዶ ቀበረው። የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ጭኖ ሮም ወሰደው፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴ የመዘዘው እዚያ፣ በዚያ አንበሳ ፊት ነበር። ታንክና አውሮፕላን ያለው ጦር አንድ የነሐስ ፈረስ እንዳላስተኛው ልብ በሉ። ምኒልክ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ አንበሳውም ዘግይቶ ለገሃር ገባ። ሁለቱም የት እንደነበሩ ለማንም መጠቆም አላስፈለገም፤ ቦታው ይታወቅ ነበርና።

የደርግ ዘመን ሐውልቶች ዕጣ ግን የተለያየ ነው። አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የነበረው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ፤ ናፍቄዋለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሳይነካ ቀርቷል፤ ምናልባት ተማሪ ስለከበበው ይሆናል። በቸርችል ጎዳና የቆመው 50 ሜትሩ ትግላችን ደግሞ ኮከቡንም ሁሉንም እንደያዘ አለ። ያተረፈው ርዝመቱ አይመስለኝም። በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ስለሆነ ነው፤ የኩባውያኑ ወታደሮች ምስል ሳይቀር እዚያው አለ። ሥርዓት ይሻራል፤ የሟች ቤተሰብ ግን አይሻርም።

አሁን ረዘም አድርጌ ልቆይበት ወደምፈልገው፣ ወደ ስድስት ኪሎ ልውሰዳችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ነው። በተከታዮቹ ሦስት ቀናት የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ቁጥር 30,000 ገደማ ሙታን ነው። የእነዚያ ሙታን መታሰቢያ የሆነው ሐውልት የቆመው ከዚያ ግቢ ፊት ለፊት ነው። የቅርጹ ሥራ የዩጎዝላቪያውያኑ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ነው። ከሩቅ የሚታየው 28 ሜትር የሚረዝም ዓምድ ብቻ ነው። ነገሩ ያለው ግን ከታች ነው፦ በዓምዱ ዙሪያ ሲጨፈጨፍ የነበረው ሕዝብ፣ የወደቀው አስከሬን፣ የሚያለቅሰው ለቀስተኛ ተቀርጿል። ይህን ለማየት በእግር መዞር፣ ፊት ለፊት መቆም፣ ቀና ማለት ያስፈልጋል። በታክሲ አደባባዩን የሚዞር ሰው ዓምድ ያያል፤ ሟቾቹን አያያቸውም። ታዲያ በዓመት አንድ ቀን መንገዱ ተዘግቶ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ በሌላው ቀን ሁሉ ሐውልቱ የመኪና ማዞሪያ ነው። ይህን የሠራው ጠላት አይደለም፣ የትራፊክ ፕላን ነው።

መሬት ሲገፋና ሲመለስ ምን እንደሚመስል ደግሞ በቅርብ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተረሸኑት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ። በ2008 ዓ.ም. ግን ተመለሰ። የሐዲድ መስመር ለአንድ ጳጳስ ቦታ ሊያመቻች እንደሚችል የታየበት ጉዳይ ነውና፣ «አይቻልም» የሚል መሐንዲስ ሲገጥማችሁ አስታውሱት።

ጃንሜዳም ሌላው ምሳሌ ነው። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ሯጭ የሚሠለጥንበት ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ሆነ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ አልከራከርም። የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው እስኪጸዳ ድረስ ከተማው ሁሉ «ጥምቀት የት ሊከበር ነው?» ይል ነበር። አንድም ሐውልት የሌለበት ሣር ይህን ያህል ጠበቃ ማግኘቱ የሚያስተምራችሁ ነገር ካለ፣ ቢሮ ስትገቡ ያዙት።

የእንጦጦው ታሪክ ከዚህም ይከፋል፣ ይሻላልም። እንጨቱ አልቆ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር፤ ከተማዋን ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ጫካ ለዘመናት የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ሆኖ ኖረ፤ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ያላያቸው የለም። በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሲሆን አየሩ ለሁላችን ደስ አለን። ሆኖም ፓርክ በተሠራ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በፊት እዚህ ማን ይሠራ ነበር? ዛሬስ ለመግባት ስንት ይከፈላል? እንደ አንድነት ፓርክ ክፍያ የሚጠይቅ ግቢ ለጎብኚ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለሚቀመጥ ልጅ ግን መናፈሻ አይሆንም።

ስለዚህ ከናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለመመረቂያ ሥራችሁ ግዙፍ ማማ ከመንደፍ ይልቅ አንዳችሁ ስድስት ኪሎን ውሰዱት። እግረኛ ሳይሮጥ የሚሻገርበት መንገድ ሥሩለት። ሽማግሌ የሚያርፍበት አግዳሚ፣ ቅርጾቹ ምን እንደሚያሳዩ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከየካቲት 12 ውጭም ክፍት የሚሆን መግቢያ አስቡለት። ሠርቶ የሚመጣ ካለ ፕላኑን ይዤ የሚመለከታቸውን ቢሮዎች በር አብሬው አንኳኳለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።