ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ሐዋሳ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እየዘነበ ነው፣ መስኮቱን ብዘጋውም የቆርቆሮው ድምፅ አልቀረም። ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ስብሰባ ሄጄ ነበር። የከተማችንን ትራንስፖርት ለማሻሻል ስለታሰበው ዕቅድ ነዋሪ አስተያየት ይስጥ ተብሎ የተጠራ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ቀይ መስመር፣ ሰማያዊ መስመር፣ አረንጓዴ መስመር። የሚያስረዳን ወጣት ባለሙያ ሥራው ላይ ደክሞበታል፤ ያስታውቃል። እያንዳንዱ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሳይሰለች ነገረን። ሲጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉና፣ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ጥሩ ነው። ግን ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አሉት።

ወጣቱ ዞሮ ካርታውን አየ። «እሱ ወደፊት የሚታይ ነው» አለና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ የተቀመጥኩት ከቃለ ጉባኤ ያዡ አጠገብ ነበር። የእሳቸውን ጥያቄ ሲጽፈው አላየሁም።

ያ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ምክንያቱ እናቴ ናት።

እማዬ የደም ግፊት ክትትል አላት። ቤታችን ጥቁር ውሃ አካባቢ ነው፣ የምትታከመው ደግሞ ከተማውን አቋርጣ ሄዳ ነው። የቀጠሮዋ ቀን ሊደርስ ሲል እንቅልፍ የላትም። የመሳፈሪያዋን ብር ማታውኑ ዘርዝራ በመሐረቧ ጫፍ ትቋጥራለች። ባለፈው ቀጠሮዋ አብሬያት ወጣሁ። ገና አልነጋም። አስፋልቱ ዳር ቆምን። የመጀመሪያው ባጃጅ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛው «ኮንትራት ከሆነ እሄዳለሁ» አለን። ሦስተኛው ጫነን። መሀል ከተማ ስንደርስ ጥጉን ያዘና ሞተሩን አጠፋ። «ማዘር፣ እዚህ ጋ ነው የማበቃው።»

«ልጄ፣ እስከ ሆስፒታሉ አልነበር ያልከን?»

«ከዚህ ወዲያ ሌላ ይይዛሉ ማዘር።»

ሌላ ያዝን። እሱም መንገድ ላይ አወረደን። በሦስተኛው ደረስን። እማዬ መሐረቧን ሦስት ጊዜ ፈታች፣ ሦስት ጊዜ መልሳ ቋጠረች። በመጨረሻ የቀረው ለመመለሻ አይበቃም ነበር። ብቻዋን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

መስመር መቆራረጥ እንለዋለን። ሐዋሳ የምትኖሩ፣ አዳማም፣ ሻሸመኔም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔም በጣም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ግን ሠፈራችን የሚሠራ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ቁጭ ብዬ ለምን እንደሚቆራርጡ ጠየቅኩት። አልሸሸገኝም። ባጃጇ የእሱ አይደለችም። ሠራም አልሠራም በየቀኑ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ግማሽ ቀኑ ማደያ በር ላይ በሰልፍ ያልቃል። በቀረችው ግማሽ ቀን የባለቤቱንም፣ የቤንዚኑንም፣ የልጆቹንም ማውጣት አለበት። ረጅሙን መስመር ከሄደ መንገድ ላይ ሰው ይወርድበታል፤ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ባዶውን ነው። ሰው ከሚበዛበት እዚያው መሀል ከተማ አጭር አጭር ቢመላለስ ግን ቀኑ ይሞላለታል። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እና ነገሩ የሹፌሩ ጸባይ ብቻ አይደለም። እሱ የሚያገኘው በጫነው ሰው ልክ ነው። በሰዓቱ በመድረሱ የሚከፍለው የለም። እስከ ጫፍ በመሄዱም የሚከፍለው የለም። ይሄ ሒሳብ እንዳለ ሆኖ ካርታ ላይ መስመር ብንስል፣ ያው መስመር ነገ መሀሉ ላይ ይቆረጣል።

ሰሞኑን ይሄ ነገር ሲያብሰለስለኝ ስለ ደሴቶች ትራንስፖርት ማንበብ ጀመርኩ። ለምን ደሴት አትሉም? ደሴት መሬቷ ያልቃል፤ የፈለገችውን ያህል ወደ ጎን መስፋት አትችልም። ሐዋሳም በአንድ በኩል እንደዚያው ናት። በምዕራብ ሐይቁ አለ፣ እዚያ ላይ መንገድ አይዘረጋም።

ማልታን ልንገራችሁ። በሜዲትራኒያን ባሕር መሀል፣ ከጣሊያኗ ሲሲሊ በታች ያለች ትንሽ የደሴት አገር ናት። አጠቃላይ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021ዱ ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር ከ519 ሺህ በላይ ነበር። ለረጅም ዘመን አውቶቡሶቿ የግለሰብ ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ራሱ ባለቤት ነው። ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ ውስጣቸው ቅዱሳን ሥዕልና ጥቅስ የተለጠፈባቸው። የእኛ ባጃጆች ላይ የሚጻፈውን ጥቅስ አስቡት። አውቶቡሶቹ አርጅተው ነበር፣ ያጨሱ ነበር፣ መለወጥም ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2011 ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ተቀየረ። አዲስ የውጭ ኩባንያ፣ አዲስ አውቶቡስ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ መስመር።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሹፌሮች ሥራ ሳይገቡ ቀሩ። ተሳፋሪው የትኛው ቁጥር የት እንደሚያደርሰው ግራ ገባው። ከለንደን የመጡት ረጃጅም፣ መሀላቸው ላይ የሚታጠፉ አውቶቡሶች የማልታ ጠባብ መንገዶች ላይ አስቸገሩ። በ2013 ደግሞ የተወሰኑት በእሳት ስለተያያዙ ረጃጅሞቹ በሙሉ ከአገልግሎት ወጡ። ሕዝቡ ስለጮኸ መስመሮቹ በተደጋጋሚ ተከለሱ። ኩባንያው በ2014 መጀመሪያ ላይ ለቅቆ ሄደ። መንግሥት ራሱ ተረክቦ ካሠራው በኋላ በ2015 ሌላ ኩባንያ ገባ። ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ካርድ ያለው ነዋሪ አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራል።

እዚህ ታሪክ ላይ እኔን የያዘኝ ክለሳው ነው። ያ ሁሉ ክለሳ የመጣው አውቶቡሶቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ያቺ ነጠላ የለበሱ እናት የጠየቁት ጥያቄ ካርታው ገና ግድግዳ ላይ እያለ ቢመለስ ግን ምንም ወጪ የለውም። ወረቀት ላይ መስመር ማጥፋት በላጲስ ነው።

ሲንጋፖርም ደሴት ናት። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አሠራሩ ተቀይሯል። የአውቶቡሱን ሒሳብ መንግሥት ይሰበስባል፤ ኩባንያዎቹ የሚከፈላቸው በውሉ መሠረት ስላሽከረከሩ ነው። በሰዓቱ ከመጡ ይሸለማሉ፣ ካልመጡ ይቀጣሉ። ባዶ ወንበር ይዞ ጫፍ ድረስ የሄደ አይጎዳም። ያ የሠፈሬ ሹፌር ይሄን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ሐዋሳ የሲንጋፖር ገንዘብ የላትም፤ አውቃለሁ። እኔ የምለው አንድ መስመር ላይ ይሞከር ነው። ከጥቁር ውሃ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ ሆስፒታል የሚደርስ። ሁለት ወይም ሦስት መካከለኛ አውቶቡስ፣ ሞላም አልሞላም በምልልስ የሚከፈለው። ፌርማታው ላይ ሰዓቱ በትልቁ በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ። ባጃጆቹ ደግሞ አውቶቡስ የማይገባበትን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ይያዙ፣ ሰውን ከየሠፈሩ አምጥተው ፌርማታው ላይ ያራግፉ። እንጀራቸውን ሳንቀማቸው ማለቴ ነው። ሹፌሮቹም ከካርታው በፊት ይጠየቁ፤ ቀን ሙሉ መንገዱ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ስለ ብስክሌት ሌላ ቀን አወራለሁ። ሜዳ ከተማ ሆነን ብስክሌት በጋሪና በባጃጅ መሀል እየተሹለከለከ መሄዱ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ የማታው ነገር። ግቢያችን ውስጥ ፋብሪካ የሚሠሩ ሦስት ልጆች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንደነሱ ከገጠር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች እዚህ ሠርተዋል። የማታ ፈረቃ ሲሆኑ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርዳቸዋል። ከዚያ እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ መብራት የለውም። ሦስቱ ተያይዘው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው ነው የሚመጡት። አንዷ ፈረቃዋ የተለየ ዕለት ሁለቱ ሳይተኙ ይጠብቋትና እስከ አስፋልቱ ሄደው ይቀበሏታል። እማዬም በሩ እስኪንኳኳ አትተኛም። ስብሰባው ላይ ካርታው ማታ ምን እንደሚመስል የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይሄው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። የወጣሁበትን ሰዓት፣ ባጃጅ ያገኘሁበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደተቆራረጠብኝ እጽፋለሁ። ልጆቹም የማታውን ይጽፉልኛል። እማዬ መጻፍ ስለማትችል በቃሏ ትነግረኛለች፤ «ሁለት ሞልቶ አለፈ፣ አንዱ እምቢ አለ» ትለኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እናንተም የምትጠብቁበትን ቦታና ሰዓት በቴሌግራም በድምፅ ላኩልኝ። ከየትኛውም ሠፈር ይሁን። አስተያየት መቀበያው ገና አልተዘጋም፤ ደብተሩን ገልብጬ ለዚያ ወጣት ባለሙያ በእጁ እሰጠዋለሁ።

የእማዬ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር እንቆማለን። ሰዓቱን እይዛለሁ። ደህና ሰንብቱ።