ወርድ ላይ «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ደብዝዞ አልጫን ሲል

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ፋይላችሁ አልከፈት ብሏል። አንድ ሰው «ኦፕን ኤንድ ሪፔር በለው» ብሏችኋል፤ የተበላሸን ፋይል ጠግኖ የሚከፍተው የወርድ ትእዛዝ ነው። ሄዳችሁ ስታዩት ግን ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ብትጫኑትም ምንም የለም።

እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ስለምንሠራ ይሄ ነገር በየጊዜው ይመጣብናል። ሰው ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል እዚያው ከፍቶ ይጽፋል፣ ሴቭ እያደረገ እያለ መብራት ድርግም ይላል፣ ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ከዚያ ምክሩ ሁሌ አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ።» እባካችሁ አታስደርጉ! ፎርማት ማስደረግ የተበላሸውን ፋይል አይጠግነውም፤ ይልቅ ዲስኩ ላይ ተርፎ የነበረውን ቅጂ ያጠፋባችኋል። ቁልፉ ደበዘዘ ማለት ወርድ ሞተ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ «የሚጠገን ፋይል ገና አልሰጣችሁኝም» ማለቱ ነው።

(ስክሪን፦ ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ዴስክቶፕ ሲገለበጥ)

ከሁሉ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡት። ሙከራው ሁሉ ኮፒው ላይ ነው፣ ዋናውን አትንኩት።

አሁን ወርድን ባዶውን ክፈቱ። ፋይል፣ ኦፕን፣ ከዚያ ብራውዝ። ኦፕን ኤንድ ሪፔርን በቅርብ የተከፈቱት ዝርዝር ውስጥ አትፈልጉት፣ እዚያ የለም። መስኮቱ ሲከፈት ፋይሉን አንዴ ብቻ ንኩት። ሁለቴ ከነካችሁት ወርድ ሊከፍተው ይሄድና ያው ስሕተት ይመጣል። ከታች በስተቀኝ «ኦፕን» ከሚለው ቁልፍ ጎን ትንሽ ቀስት አለች፣ እሷን ጫኑ።

(ስክሪን፦ ዝርዝሩ ወርዶ፣ ቀስቷ ላይ ቀይ ክብ)

እዩ፣ ኦፕን ኤንድ ሪፔር እዚህ ነው። ኦፕን ኢን ብራውዘር እና ኦፕን ዊዝ ትራንስፎርም የሚሉት ደብዝዘው ብታዩ አትደንግጡ፣ እነሱ ለሌላ ዓይነት ፋይል ናቸው።

ፋይሉን መርጣችሁም እምቢ ካለ፣ የመረጣችሁት ምን እንደሆነ አጣሩ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ መጠኑን እዩ። 0 ባይት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ የትኛውም ጥገና አያመጣውም፤ ሌላ ቅጂ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ፈልጉ። ስሙ በ~$ ከጀመረ ደግሞ ጽሑፋችሁ አይደለም። ወርድ ፋይል ሲከፍት ማን እንደከፈተው የሚመዘግብባት ትንሽ ፋይል ናት፣ መብራት ሲሄድ ሳትጠፋ ትቀራለች። ፍላሹ ላይ ዓይነቱ «ሾርትከት» ካለ የፍላሽ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው ፋይል ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ አለ። አንቲቫይረስ አስኪዱበትና ዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉ፣ ብቅ ሊል ይችላል።

ሌላው የሚምታታው ነገር፣ ፋይሉን መጠገንና ኦፊስን ራሱን መጠገን ይለያያሉ። የድሮው ወርድ 2003 ሄልፕ ሜኑ ላይ «ዲቴክት ኤንድ ሪፔር» ነበረው፣ አሁን እዚያ አትፈልጉት። የዛሬው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው፦ ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ፣ ኦፊስን መምረጥ፣ ቼንጅ። ሁለት ምርጫ ይመጣል። ኩዊክ ሪፔር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በሱ ጀምሩ። ኦንላይን ሪፔር ግን ኦፊስን እንደገና ስለሚያወርድ በሞባይል ፓኬጅ አትሞክሩት፣ ጊጋችሁን ይጨርሰዋል። የአድሚን ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ወይም ቼንጅ የሚለው ጨርሶ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ይሆናል፤ የአይቲ ሰው ጠይቁ።

እሺ፣ ሁሉንም ሞክራችሁ ጥገናው አልሠራም እንበል። የፋይሉ ስም መጨረሻው ዶክኤክስ (.docx) ከሆነ፣ ያ ማለት ከወርድ 2007 ጀምሮ የመጣው ዓይነት ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ዚፕ ፋይል ነው፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች በአንድ ላይ የታሸጉበት። የኮፒውን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ (.zip) ቀይሩና ክፈቱት። «ወርድ» የሚል ፎልደር አለ፣ በውስጡ «ሚዲያ» አለ። ፎቶዎቻችሁ በሙሉ እዚያ ናቸው። ጽሑፉ «ዶኩመንት» የሚለው ፋይል ውስጥ ነው፣ በኮድ የተከበበ ቢሆንም ይነበባል። የዚፕ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መብራት የቆረጠው ፋይል ዊንዶውስ ላይ አልከፈት ሊል ይችላል። ያኔ ዊንራር የሚባለውን የዚፕ መክፈቻ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ የራሱ የመጠገኛ ትእዛዝ አለው።

የስሙ መጨረሻ ዶክ (.doc) የሆነው የድሮው ፋይል ሌላ መንገድ አለው። በብራውዝ መስኮት የፋይል ዓይነት ከሚለው ዝርዝር «ሪከቨር ቴክስት ፍሮም ኤኒ ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ቅርጹ፣ ፎቶው፣ ሠንጠረዡ ይቀራል፣ ጽሑፉ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብዙ የአማርኛ ሰነድ በከንቱ የሚጣለው በዚህ ነው። የድሮ ፋይል በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት ተጽፎ ከሆነ፣ ሲወጣ አማርኛ አይመስልም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ታያላችሁ። «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትሰርዙት! እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ጽሑፉ ሲወጣ ፎንቱ ብቻ ነው የወደቀው። ሁሉንም ሴሌክት አድርጉና መጀመሪያ የተጻፈበትን ፎንት መልሳችሁ ስጡት። የአባት የውርስ ሰነድ፣ የድሮ የኪራይ ውል፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ እንዲህ ሆኖ ሲመለስ ባለቤቱ ፊት ላይ የሚታየው ደስታ ሌላ ነው።

(ስክሪን፦ ምልክቱ ወደ ግዕዝ ፊደል ሲለወጥ)

የተገኘውን በአዲስ ስም ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ግቡ። ኦቶሪከቨር፣ ማለትም ወርድ ራሱ በየጊዜው የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ፣ በየ10 ደቂቃው ተብሎ ነው የሚመጣው፣ እንደኛ ሰፈር መብራት ለሚሄድበት ብዙ ነው። 2 አድርጉት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወርድን ዝጉ፣ ፋይሉን ወደ ፍላሹ ገልብጡ፣ ከዚያ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉት።