ክሎራይድ ልባችን ውስጥ ምን ይሠራል?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር፣ የጣና ዳርቻ።]

እንደምን አደራችሁ? እኚህ አባት ታንኳቸውን በቀርቀሃ እየቀዘፉ አሁን መድረሳቸው ነው። አንገታቸው ሥር ደም ሥራቸው ሲመታ ከዚህ ይታየኛል።

ስለ ልብ ምት ሲወራ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ይነሳሉ። ክሎራይድ ግን ይረሳል። ወጥ ውስጥ ከምንነሰንሰው ጨው በክብደት 60 ከመቶ ያህሉ እኮ እሱ ነው!

ክሎራይድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዘ አቶም ነው። የልብ ጡንቻ ሴል ሽፋን ላይ እሱን የሚያሳልፉ ረቂቅ በሮች አሉ፤ የክሎራይድ ቻናሎች ይባላሉ። በሩ ሲከፈት ይገባል ወይስ ይወጣል? እንደ ሰዓቱ ነው።

የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ክረምቱ ሲያበቃ ጣና ሞልቶ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ሐይቁ ሲጎድል ደግሞ በመጣበት ይመለሳል።

በሴሉ ዘንድ የውሃውን ከፍታ የሚተካው ቮልቴጅ ነው። ክሎራይድ የሚረጋው፣ ማለትም የሚገባውና የሚወጣው እኩል የሚሆነው፣ ከ-65 እስከ -40 ሚሊቮልት ባለው መካከል ነው። ልብ በሁለት ምቶች መሃል ሲያርፍ የሴሉ ውስጥ -80 ገደማ ስለሆነ፣ በሩ ከተከፈተ ክሎራይድ ኔጋቲቭ ቻርጁን ይዞ ይወጣል፤ ሴሉም ወደ መቀስቀስ ይጠጋል። ሴሉ ሲቀሰቀስ ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ ይወጣል፤ ያኔ ክሎራይድ ይገባና ሴሉን ቶሎ ያሳርፈዋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይኼ ነው፤ ያው በር ቀስቃሽም አብራጅም መሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1989 በጊኒ ፒግ ልብ ላይ እንደታየው፣ አንዱን በር የሚከፍተው አድሬናሊንን የመሰለ ቅስቀሳ ነው። በሩ ሲኤፍቲአር ነው፤ ዘረ መሉ ሲበላሽ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን የሳንባ ሕመም የሚያመጣው ማለት ነው። ልብ ውስጥ ያለው መጠን ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ካልሲየም ሲበዛ የሚከፈትም አለ።

[ምስል፦ ውሃ የጠጣ ደንገል፣ በቅርበት።]

ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ታንኳው ይከብዳል። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ቆይቶ ደሙ ሲመለስም ሴሎቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ። እብጠቱ ራሱ ሌላ በር ይከፍታል፤ ክሎራይድ ሲወጣ ውሃው ይከተለዋል፣ ሴሉም ይቀልለዋል። የዚህ በር ዋና ፕሮቲን፣ ኤልአርአርሲ8ኤ፣ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ችግሩ፣ ያረፈውን ሴል ወደ መቀስቀስ ስለሚገፋው ምቱን ሊያዛባ ይችላል። በመድኃኒት እንዝጋው ቢባል ደግሞ ሴሉ ውሃውን በምን ያስወጣ? በዚያ ላይ በሩ ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ላይ ይገኛል።

[ምስል፦ አባት ታንኳቸውን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቁመው ሲያስደግፉ።]