ኬዝመንት ኮንጎ ወንዝ ላይ ያየው

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዲፕሎማት ጉዞ ነው። ሮጀር ኬዝመንት ይባላል። አየርላንዳዊ ነው፤ በ1903 በኮንጎ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያኔ ኮንጎ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት እንኳን አልነበረችም። የቤልጂየሙ ንጉሥ የሊዮፖልድ ዳግማዊ የግል ርስት ነበረች። ወረቀት ላይ ላያት ሰው ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው። ከማታዲ ወደብ እስከ ሊዮፖልድቪል፣ የዛሬዋ ኪንሻሳ፣ ባቡር ገብቷል። ጎማና የዝሆን ጥርስ በገፍ ይጫናል። አገሩም ሰላም ነው ይባላል። ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ድርጅት ሠራተኛ ግን መዝገቡን ሲያገላብጥ አንድ ነገር ከነከነው። መርከቦቹ ጎማ ሞልተው ይመጣሉ። ሲመለሱ የሚጭኑት ግን በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። ታዲያ ሕዝቡ ለጎማው ምን ተከፈለው?

ጉዳዩ የብሪታንያ ፓርላማ ደረሰና ኬዝመንት ሄዶ እንዲያጣራ ታዘዘ። እሱም በሊዮፖልድ ሹሞች ጀልባ አልሄደም። ከአሜሪካ ባፕቲስት ሚሲዮናውያን በእንፋሎት የምትሠራ ጀልባ ተከራየ። ለእኔ የጉዞው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በባለሥልጣን ጀልባ የሚሄድ እንግዳ የሚያየው ባለሥልጣኑ ያዘጋጀለትን መንደር ነው።

ሉኮሌላ ደረሰ። ቦታውን በ1887 ያውቀዋል፤ ያኔ 5,000 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። አሁን የቀሩት ከ600 በታች ናቸው። የእንቅልፍ በሽታ ብዙዎችን እንደጨረሰ አልደበቀም። ግን የግዳጅ ሥራውንና ግብሩንም በግልጽ ጻፈ። ሽሽተው የመጡትን አስቀምጦ ጠየቃቸው። ጎማ ፍለጋ ጫካ ውስጥ ሲከርሙ እርሻቸው ጠፍ ሆነ፤ ኮታው ከጎደለ ወታደር ይመጣል። ወታደሩ ጥይቱን እንዳላባከነ የሚያስመሰክረው በተቆረጠ እጅ ነበር። እጃቸውን ያጡ ልጆችን ኬዝመንት በዓይኑ አየ። ያ ሁሉ ሲወራለት የነበረው ሰላም ይሄ ነበር፤ የቻለው ሸሽቷል፣ የቀረው ፈርቷል።

ሪፖርቱ በ1904 ሲታተም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሰዎቹን ስም እያወጣ በፊደል ተካው። ኬዝመንት በጣም ተናደደ። እኔም እናደዳለሁ። ያ ሁሉ ሰው ደፍሮ የመሰከረው በስሙ ነበር። ቢሆንም ነገሩ ተዳፍኖ አልቀረም። ሊዮፖልድ ራሱ የላከው አጣሪ ኮሚሽን እንኳን ዋና ዋናውን ማስተባበል አቃተው። እዚያ ኮሚሽን ፊት ሎንቱሉ የተባሉ አለቃ ቀርበው 110 እንጨት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። እያንዳንዱ እንጨት የተገደለ ሰው ነበር። ሪፖርቱ ከታተመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ኮንጎ ከንጉሡ እጅ ወጣች። የሄደችው ግን ወደ ቤልጂየም መንግሥት ነው፤ ነፃነቷን ያገኘችው በ1960 ነው።

በዚያው ዓመት የእኛ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ ዘምተዋል። ከእናንተ መካከል የዘመተ አባት ካለ፣ ከእኔ ጥያቄና መልስ በፊት ማይኩ ለእሱ ይሰጥ።

አመሰግናለሁ።